ቤት ያለው ባሕረኛ

በድሬዳዋ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ሙቀቱ እስኪበርድ ጠብቃችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በርጫችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዚህ ንግግር ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት አንድ ወዳጄ ከዚራ ላይ አስቆመኝና “አቦ፣ ስለ መርከብ ሠራተኛ ፈቃድ ነው የምታወራው? ደቻቱ ላይ መርከብ ልታንሳፍፉ ነው እንዴ?” አለኝ። ተሳሳቅን። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ውኃ ሲያመጣ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የ1998 ዓ.ም.ን የክረምት ጎርፍ ያየ አይረሳውም። መርከብ የሚሸከም ወንዝ የለንም። የባሕር ሥራ የሚሠሩ ልጆች ግን አሉን።

ሳቢያን ሠፈር የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው የውጭ አገር ኩባንያ መርከብ ላይ መሐንዲስ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሲደውልላቸው “መቼ ትመጣለህ?” ይሉት ነበር። እሱም “በሚቀጥለው ወር” ይላቸዋል። የሚቀጥለው ወር ይመጣል፣ ልጁ አይመጣም። ለአንድ ፋሲካ ብለው የገዙት በግ ሁለት በዓል አለፈው። አሁን እኒህ እናት መቼ ትመጣለህ ብለው አይጠይቁም። ስልኩን እንዳነሡ የሚሉት “ሪሊቨርህ መጣ?” ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት የመርከበኞችን ቋንቋ ተማሩ። ሪሊቨር ማለት ተቀያሪ ነው፤ በልጁ ቦታ ገብቶ ልጁን ወደ ቤቱ የሚለቀው ሰው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ እዚች ጥያቄ ውስጥ አለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለድሬዳዋ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ የደረሰው ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው። በዚህ ምክንያት የተቆረቆረችው ከተማ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ድሬ ባቡሩ የሚታከምባት፣ የባቡሩ ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ሆነች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሸሚንደፈር ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አባት ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ሲገባ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተጋርዶ፣ “አባታችሁ ተኝቷል፣ ውጭ ተጫወቱ” ተብላችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። ያ እንቅልፍ ሥራ መሆኑን ማንም አላስረዳችሁም፤ ግን ታውቁት ነበር። አባት ሳይተኛ ቢመለስ ባቡሩን ምን ያገኘዋል?

መርከብም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እንቅልፉ በወራት መለካቱ ነው።

ፈረቃ የሚለው ቃል ሲነሣ ሁላችንም ጀሪካን እንደሚታየን አውቃለሁ። ውኃ በፈረቃ፣ መብራት በፈረቃ ለምደናል። የመርከቡን ፈረቃ ግን ላስረዳችሁ። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ቢመሽበት መንገድ ላይ ያድራል። መርከብ ውቅያኖስ መሐል ፍሬን ይዞ አያድርም። ሃያ አራቱን ሰዓት ይጓዛል፣ ስለዚህ ሃያ አራቱን ሰዓት ነቅቶ የሚመለከት ሰው ያስፈልገዋል። የተለመደው አሠራር ቀኑን ለሦስት መኮንኖች ማካፈል ነው። ሦስተኛው መኮንን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6፣ ማታም ከ2 እስከ 6 ይቆማል። ዋናው መኮንን ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 እስከ ምሽቱ 2። ሁለተኛው መኮንን ከሁሉም የከፋችው ትደርሰዋለች፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10። ቀን ደግሞ ከ6 እስከ 10። እስቲ አስቡት፤ አገር ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የራዳሩ ብርሃን ብቻ ፊቱ ላይ እያረፈ አንድ ወጣት ቆሞ መስኮቱን ያያል። እሑድ የለም። ገና የለም፣ ዒድ የለም። ከፈረቃው ውጭ ደግሞ ወረቀት አለ፣ የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ አለ፣ ወደብ ሲደርሱ ጭነት አለ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ሥራ ይፈቅዳል፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ያዛል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። እዚህ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛ በዓመት ሃምሳ ሁለት የዕረፍት ቀን አለው፤ ፈቃዱና በዓላቱ ከዚያ በላይ ናቸው። ባሕረኛው ግን ፈረቃው ብቻ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 56 ሰዓት ነው። ሰው ፈቃዱን ሲያይ “እነዚህ ሰዎች ለወራት ቤታቸው ይቀመጣሉ፣ ምን ጎደላቸው!” ይላል። እኔም እል ነበር። የባሕረኛ ፈቃድ ግን የተጠራቀመ እሑድ ነው፤ ስጦታ የሚመስለው በአንድ ላይ ሲከፈል ስላየነው ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የባሕር ሥራ ስምምነት ለባሕረኛ የሚሰጠው ዝቅተኛ ፈቃድ ለእያንዳንዱ የሥራ ወር ሁለት ቀን ተኩል ነው። በዓመት 30 ቀን መሆኑ ነው። አሥራ አንድ ወር መርከብ ላይ ያሳለፈ ሰው ወደ አርባ ሰባት እሑድ አልፎታል። ሕጉ የሚመልስለት ሃያ ሰባት ቀን ተኩሉን ነው። ዝቅተኛው ወለል ያለፉትን እሑዶች እንኳ አይከፍልም ማለት ነው። ለዚህ ነው ደኅና ኩባንያዎች ከወለሉ በላይ የሚሰጡት። በብዙዎቹ ዘንድ መኮንኖች ከ4 እስከ 6 ወር፣ ከእነሱ በታች ያሉት ባሕረኞች እስከ 9 ወር ይሠሩና ይወርዳሉ። ያው ስምምነት አንድ ሰው ሳይወርድ መቆየት የሚችልበትን ጊዜ ከ12 ወር በታች አድርጎ ገድቦታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝም ያዛል። ሕጉ ደኅና ነው።

ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል? ከቆጠራ።

አንድ አለቃ መርከቦቹን ሲቆጥር የሥራ ቦታዎቹን አብሮ ይቆጥራል፤ ቤት የሚያርፈውን ሰው ግን አይቆጥርም። ይህን የአሠራር ስሕተት በምሳሌ ላሳያችሁ። አሥር መርከብ ያለው ድርጅት አለ እንበል፤ እያንዳንዱ መርከብ ሃያ አምስት ሰው ይፈልጋል። ሁለት መቶ ሃምሳ የሥራ ቦታ። አለቃው ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው ቀጥሮ “ተሟልቷል” ይላል። አንድም ሰው ግን ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። አሥራ አንድ ወር ባሕር፣ አንድ ወር ቤት እንኳ ቢሆን 273 ሰው ያስፈልገዋል። አራት ወር ሠርተው ሁለት ወር እንዲያርፉ ከፈለገ 375። ባሕር ላይ የቆዩትን ያህል ቤት እንዲቆዩ ከሆነ ደግሞ 500። ይህ የሚታመም፣ የሚያገባ፣ እናቱ የሞተችበት፣ ለሥልጠና የተላከ ሰው ሳይታሰብ ነው። እንግዲህ የመርከብ ሠራተኛ ቁጥር ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ መርከቡ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ቤት ያለውን ባሕረኛ መቁጠር ነው። ቤት ማንም ከሌለ መርከቡ ላይ ያለው ሰው እስረኛ ነው።

እስረኛ ማለቴ ቃል ለማሳመር አይደለም። እያንዳንዱ መርከብ ከዚህ ቁጥር ባነሰ ሰው መንቀሳቀስ አትችልም የሚል ወረቀት አለው። ሕጉ ባሕረኛውን “ጊዜህ አልቋል፣ ውረድ” ይለዋል፤ ያው ሕግ መርከቡን “ሰው ካልተሟላ አትንቀሳቀስ” ይለዋል። በሁለቱ መሐል ካፒቴኑ ይመጣና በለሰለሰ አንደበት፣ “ወንድሜ፣ ሰውየው ቪዛው ትንሽ ዘግይቶበት ነው፤ እስከሚቀጥለው ወደብ ድረስ ብቻ” ይላል። የባሕረኛው ልብ ግን ወደ ቤቱ ተነሥቷል። እንቢ ቢል አብረውት የበሉ ሃያ አራት ሰዎች ወደብ ላይ ይቆማሉ። እሺ ይላል። የሚቀጥለው ወደብ ሃያ ቀን ይፈጃል።

አንዱ ሲዘገይ የሌላው ፈቃድ ያጥራል። ፈቃዱ ያጠረበት ሰው ደክሞ ይመለሳል፤ አንድ ሁለቴ ከታገሠ በኋላ ሥራውን ይለቃል። እሱ ሲለቅ ተቀያሪ ያንሳል። ተቀያሪ ሲያንስ የቀሩት የባሰ ይዘገያሉ፣ ከእነሱም ሌላው ይለቃል። እጥረቱ ራሱን ይወልዳል። በዚህ ጊዜ አለቆች ብዙውን ጊዜ የሚወስዱት እርምጃ ፈቃድ መከልከል ነው። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ይኸው ነው።

ተራ ግምት እንዳይመስላችሁ ትልቁን ምሳሌ ላምጣ። በዓለም ካሉት ትልልቅ የባሕር ኃይሎች አንዱን የያዘችው አሜሪካ የጦር መርከቦቿን ነዳጅና ስንቅ የምታደርሰው በሲቪሎች ነው። ሚሊተሪ ሲሊፍት ኮማንድ የሚባል መሥሪያ ቤት አላቸው፤ ባሕረኞቹ ወታደሮች ሳይሆኑ የመንግሥት ተቀጣሪዎች ናቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. ይህ መሥሪያ ቤት 17 መርከቦቹን አቁሞ ሠራተኞቻቸውን ወደ ሌሎቹ ለማዛወር ማቀዱ ተሰማ። መርከቦቹ አላረጁም፣ ገንዘብም አልጠፋም። ሰው ጠፋ። ከ600 እስከ 700 የሚደርስ የሥራ ቦታ ለማስለቀቅ ነበር ሐሳቡ። በወቅቱ የተነገረው ቁጥር ለእያንዳንዱ የመርከብ የሥራ ቦታ 1.27 ሰው ብቻ እንዳላቸው ነው። ይህን ቁጥር ወደ ቀን መንዝሩት፦ አራት ወር ባሕር ላይ የቆየ ሰው ሠላሳ ሁለት ቀን ያህል ያርፋል። ከዚያች ላይ የሕክምና ምርመራና የሥልጠና ቀን ሲቀነስ፣ ልጁ ገና ሳይለምደው ተመልሶ ይሄዳል። በዶላር የሚከፈለው፣ የጡረታ መብት ያለው፣ የታላቅ አገር መንግሥት ሠራተኛ ነው ይህ። ደመወዝ ብቻውን ሰው እንደማያቆይ ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? እኛ አገር ግን ስለ ባሕረኛ እጥረት በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ስለ ደመወዝ ብቻ ነው። ደመወዙ ይጨመር፤ እኔም እደግፋለሁ። ቀኑ ግን አብሮ ይቆጠር።

በኮሮና ዘመን ዓለም ይህን ትምህርት በግዱ ተማረው። በ2020 እ.ኤ.አ. አገሮች ወደባቸውንና አየር ማረፊያቸውን ሲዘጉ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ባሕረኞች ውላቸው አልቆ መርከብ ላይ ቀሩ። ያንኑ ያህል የሚሆኑት ደግሞ ቤታቸው ሆነው ሥራ መግባት አቃታቸው። ከአሥራ ሰባት ወር በላይ መሬት ሳይረግጡ የከረሙ ነበሩ። እኛ እዚህ ዘይትና ስንዴው ለምን ተወደደ እንል ነበር፤ ያንን ዘይት የሚያጓጉዘው ሰው እናቱን በስልክ ቀብሮ ይሆናል።

ድካም ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ወደ አገራችን እመለሳለሁ። ሸን ነንግ 1 የምትባል የቻይና መርከብ በሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከአውስትራሊያ ድንጋይ ከሰል ጭና ወጣች። ዋናው መኮንን ወደብ ላይ ጭነቱን ሲቆጣጠር ነበር የከረመው። መርከቧ ከወደብ ከወጣች በኋላ ተረኛ እሱ ሆነ። መርማሪዎች በኋላ ሲቆጥሩ ሰውየው ከአደጋው በፊት በነበሩት ሠላሳ ስምንት ሰዓት ተኩል ውስጥ የተኛው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። መርከቧ የምትታጠፍበት ቦታ ደረሰ፣ አለፈ። እሱ አላየም። ታላቁ የኮራል አለት ላይ ወጣች፤ ዘይቷ ፈሰሰ፣ አለቱም ተፋቀ። የታመመ ሰው አልነበረም፣ የሰከረም አልነበረም። ያልተኛ ሰው ነበር። እናንተ የሸሚንደፈር ልጆች ይህን ታሪክ ከእኔ በተሻለ ትረዱታላችሁ።

ወደ እኛ።

የኢትዮጵያ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ጀመረ። ያኔ አሰብና ምጽዋ ነበሩን። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ባሕር በር አጣን። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ ንግዳችን በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባሕር ኃይላችን በዚያው ዘመን ፈረሰ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው እንደገና የተቋቋመው። የንግድ መርከቦቻችን ግን ሰንደቃችንን ይዘው ቀጠሉ። ባሕር የሌለው አገር በራሱ ባንዲራ መርከብ ማሠማራት እንደሚችል በ1921 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ የታወጀ ነው፤ የ1982ቱም የባሕር ሕግ ስምምነት አጽንቶታል። በ2004 ዓ.ም. ድርጅቱ ከደረቅ ወደብና ከትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የምናውቀው የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሆነ። ቻይና ውስጥ ተሠርተው የመጡትን መርከቦች ስም ስታዩ ደስ ይላችኋል፦ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ መቐለ። ጎረቤቶቻችን ሐረርና ጅግጅጋ ባሕር ላይ ናቸው። አንድ ወቅት የመርከቦቹ ቁጥር አሥራ አንድ ደርሶ ነበር።

ባሕረኛም እናሠለጥናለን። ጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም አለ፤ የመካኒካልና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለመርከብ ሞተር ክፍል ያዘጋጃል። ቢሾፍቱ ደግሞ የባቦጋያ አካዳሚ አለ። ከእነዚህ የወጡ ልጆች በዓለም ዙሪያ በውጭ ኩባንያዎች መርከብ ላይ ይሠራሉ። ሐይቅ ዳር ተምሮ ውቅያኖስ ላይ መሥራት! ትንሽ የሚያስቅ፣ ብዙ የሚያኮራ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪም ጠይቆኛል። “ዓለም ባሕረኛ አጥሮታል ካልክ፣ ሠልጥነው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች ለምን አሉ?” ጥሩ ጥያቄ ነው። የዓለም የመርከብ ባለቤቶች ማኅበራት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 1.89 ሚሊዮን ባሕረኛ እንዳለ፣ የሚጎድለው ግን 26,240 መኮንን መሆኑን ገምተዋል። የሚጎድለው መኮንን ነው፤ ልምድ ያለው። መኮንን ደግሞ በክፍል ውስጥ ብቻ አይወጣም። አንድ ሰው ካፒቴን ለመሆን በመኮንንነት ቢያንስ 36 ወር ባሕር ላይ ማገልገል አለበት፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ዓመቱን በዋና መኮንንነት ከሠራ 24 ይበቃዋል። ወሩ የሚቆጠረው መርከብ ላይ ነው። ካዴቱ፣ ማለትም መኮንን ለመሆን የሚማረው ልጅ፣ መርከቡ ላይ የሚተኛበት አልጋ፣ የሚያስተምረውም መኮንን ያስፈልገዋል። መኮንኑ ራሱ ደክሞ ፈቃድ እየጠበቀ ከሆነ ካዴት ማስተማር ትርፍ ሥራ ይሆንበታል። እንግዲህ ዛሬ ተቀያሪ የሌለው መኮንን ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን መኮንን እያስቀረ ነው።

ይህን በባቡሩም አይተነዋል። 752 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች አልደረሱም ነበር። ለስድስት ዓመት ያህል ቻይናውያን እየመሩት ልጆቻችን ከጎናቸው ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያ ነው የተረከቡት። ሐዲድ በአራት ዓመት ይዘረጋል፣ መርከብም በአንድ ዓመት ተሠርቶ ይወርዳል፤ የሚነዳው ሰው ግን በግዢ ትዕዛዝ አይመጣም።

አንድ የራሴን ሐሳብ ላንሣ፤ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንኩ አድልዎ ቢመስል አይደንቀኝም። የእኛ ባሕረኞች አንዱ ትልቅ ችግር መርከቡ የቤታቸው ደጃፍ አለመድረሱ ነው። ሰውየው ሙምባይ ወይም ሻንጋይ ላይ ቢወርድ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴል፣ ወኪል ይጠይቃል። ወጪው ሲበዛ ወሩ ይራዘማል። ጅቡቲ ላይ ከሆነ ግን ከነጋድ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሮ እዚሁ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ አላት። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና እዚሁ ተመርቋል። አየር ማረፊያ አለን። ለኮንቴይነሩ ይህን ሁሉ አዘጋጅተን ለሰውየው ምን አዘጋጀን? ተቀያሪዎች ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው መጥተው የሚያርፉበት፣ ሐኪም የሚያያቸው፣ ወረቀታቸው የሚያልቅበት፣ መርከቡ ጅቡቲ ሲገባ ወርደው የሚቀይሩበት አንድ ቤት እዚህ ቢኖር፣ “ሰውየው ትንሽ ዘገየ” የሚለው ምክንያት ግማሹ ይጠፋል። አባቶቻችን ለባቡሩ ያደረጉት ነው። በዚያ ላይ ደግሞ በአምስት ቋንቋ ሰላም የሚል ሕዝብ አለን፤ የመርከብ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

አደጋውም ሩቅ አይደለም። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ትሩ ኮንፊደንስ የምትባል የጭነት መርከብ በየመን ሁቲዎች ሚሳኤል ተመትታ ሦስት ባሕረኞች ሞቱ። የተረፉትን የሕንድ የጦር መርከብ አንሥቶ ያመጣቸው ጅቡቲ ነው። ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ፈቃዱ ሲዘገይበት ድካም ብቻ አይደለም የሚጨመርበት፤ ፍርሃትም በወር ይቆጠራል።

ለመንግሥት ኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። የመርከብ ግዢ ዜና ስታሰሙን ስንት ሺህ ቶን እንደምትጭን ትነግሩናላችሁ። ለአንድ የሥራ ቦታ ስንት ሰው እንዳዘጋጃችሁም አብራችሁ ንገሩን። አንድ ነጥብ አምስት ብትሉን እናጨበጭባለን።

እናንተ ወጣቶች፣ በተለይ ከዩኒቨርሲቲያችን ምህንድስና ክፍል የመጣችሁ፤ ባሕሩ ጥሩ ሥራ ነው፣ ሂዱ። ግን ውል ፊታችሁ ሲቀርብ ከደመወዙ ቀጥሎ ያለውን ገጽ አንብቡ። አሥራ ሁለት ወር ሳይሞላ መውረድ መብታችሁ ነው። ዝቅተኛውን ፈቃዳችሁን በገንዘብ ለውጡ ብለው ቢያግባቧችሁ ስምምነቱ እንደሚከለክል አስታውሷቸው። ከዚያ ሳቢያን ያሉት እናት የሚጠይቁትን ጥያቄ እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ “በእኔ ቦታ የሚገባው ሰው ማን ነው? አሁን የት ነው ያለው?” ስም ጠርተው ከመለሱላችሁ ፈርሙ። “ይገኛል” ካሏችሁ ግን ብዕሩን አስቀምጡት።